የክርስትና ስምሽ ማን ነው?

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ብርቄ የልጅ ልጇን ክርስትና ስታስነሣ አብሬያት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ሕፃኗ ሰማንያ ቀን የሞላት፣ ጉንጫም፣ ውኃው ሲነካት ከማልቀስ ይልቅ የምትቆጣ የምትመስል ልጅ ናት። ቄሱ ከክርስትና እናቷ ጋር ትንሽ ከተንሾካሾኩ በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስሟን ተናገሩ፤ «አጸደ ማርያም» አሏት። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ከጎኔ የቆመችው ሴትዮ በክርኗ ጎሰም አድርጋ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ እውነቷን ነው፣ ቦታው የሳቅ ቦታ አይደለም። ነገር ግን ያንን ስም እኔ በየማለዳው ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ስጠራው ዓመታት አልፈዋል። ከአንዲት ሴት በቀር የሌላ ሰው ስም ይሆናል ብዬ አስቤም አላውቅም። እንዲህ በድንገት ከቄሱ አፍ ሲወጣ ገበያ መሀል የቤት ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

ስሙን ያገኘሁበት መንገድ ረጅም ነው። የሚጀምረው ደብረ ማርቆስ ባጃጅ የሚባል ነገር ሳታውቅ፣ ሰውም ዕቃም በፈረስ ጋሪ በሚሄድበት ዘመን ነው። እኔ ከደምበጫ በጭነት መኪና፣ የእንጨት ሳጥኔ ላይ ተቀምጬ፣ አዲስ አስተማሪ ሆኜ ገባሁ። ዛሬ የሞባይል ቀፎ የሚሸጥበት ማዕዘን ላይ ያን ጊዜ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳው ላይ ተቀምጦ መኪናውን ሲረግጥ ይውል ነበር። የመጀመሪያ ደመወዜን እንደተቀበልሁ የዘመኑን ጨርቅ ተርጋል ጉርድ ያሰፋሁት እሱ ዘንድ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሻይ ቤት ነበር፤ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥር። ባለቤቱ ሸክላ ማጫወቻውን በር ላይ ያወጣውና መንገደኛው ሁሉ እያዜመ ያልፋል። እኛ ሴት አስተማሪዎች አፍሯችንን አበጥረን፣ ታኮ ጫማ ተጫምተን ሸክላው እስኪያልቅ ቀስ እያልን እንሄዳለን። ክረምት ሲገባ ያ ታኮ ጭቃው ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፤ እግር ይወጣል፣ ጫማ ይቀራል። እንዲያም ሆኖ ዝቅ ያለ ጫማ የሚያደርግ አልነበረም፤ ለምን ቢባል፣ ሌላዋ አላደረገችማ።

የተከራየሁት እትዬ ይታይሽ ግቢ ነበር። በረድፍ የተሠሩ ክፍሎች፣ መሀል ላይ አንድ ቧንቧ፣ ቧንቧው አጠገብ አንድ ኮክ ዛፍ። አስተማሪዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና ሚስቶቻቸው ተከራይተውበታል፤ ከአዲስ አበባም ከወሎም የመጣ ነበረበት። እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ የሰው ኑሮ ደጅ ላይ ነው። ማን ምን እንደ ገዛ፣ ማን ምን እንዳጠበች፣ የማን ባል በስንት ሰዓት እንደ ገባ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፣ ውኃ መቅዳት ብቻ ይበቃል።

እኔ ደግሞ ዓይኔ ሰው ላይ የሚውል ሴት ነበርሁ። ክፉ አልነበርሁም፤ የማንንም ነገር አልመኝም፣ ማንንም አላማም። ብቻ ሁለት ነገር ባየሁ ቁጥር አንዱ የእኔ ከሆነ ማስተያየት አለብኝ። የእኔ መጋረጃና የእሷ መጋረጃ፣ የእኔ ተማሪዎች ጸጥታና የእሷ ተማሪዎች ጸጥታ። ከበለጥሁ እስከ ማታ ደስ ይለኛል፤ ካነስሁ እህል አይወርድልኝም። ይህን ከእናቴ ነው የወረስሁት። እናቴ የደምበጫ ገበያ በዋለ ማግስት ጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ትመጣና በሩ ላይ ቆማ፣ እንዝርቷን እንደያዘች፣ ግቢው በሙሉ እስኪሰማ «አንቺ ልጅ! ልጄ! የት ገባሽ?» እያለች ትጣራለች። ቆሎዋንና ቅቤዋን አውርዳ ሳታበቃ ዓይኗ የጎረቤቶቼን ክፍሎች ይዞራል። «የዚያችኛይቱን አልጋ ልብስ አየሽው? እሷም እንዳንቺ ሁለት እጅ ነው ያላት» ትለኛለች። ድምጿ መቼም ዝቅ አይልም። በሩ ላይ ስትጣራ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የማፍረው ደግሞ ከጎኔ ባለው ክፍል የምትኖረውን አንጓችን ነው። አንጓችም አስተማሪ ናት፤ አገሯ ዲማ፣ የመሪጌታ ልጅ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ፊደሏ የታተመ ይመስላል። ሳትቆጣ ተማሪ ዝም ይልላታል። እኔ ነጠላዬን ሦስት ጊዜ አስተካክዬ የማይሆንልኝ፣ እሷ ጣል ስታደርገው ያምርባታል። አባቷ በዓመት አንድ ሁለቴ በበቅሎ ሲመጡ፣ ለማንም የማይነሡት እትዬ ይታይሽ እንኳ ከመደባቸው ተነሥተው ጉልበት ይስማሉ። መሪጌታ ብዙ አይናገሩም፤ ልጃቸውን እንደ ትልቅ ሰው ያዋዩአታል። እኔ መስኮቴ ላይ ቆሜ የሷን አባት ከእኔ እናት ጋር አስተያያለሁ። በጫማ ብበልጣት በአባት ታሸንፈኝ ነበር።

የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንጓች ወደ ጎን አታይም ነበር፣ ወይም የማታይ ትመስል ነበር። አንድ ቀን የባንክ ሠራተኛው ሚስት ጥሩዬ የልብስ ስፌት መኪና ተገዛላት። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ በወርቃማ አበባ ያጌጠ። ግቢው ሁሉ ሊያይ ገባ። እኔ ዋጋውን ገምቼ፣ የባሏን ደመወዝ አስቤ፣ ከራሴ ጋር አስተያይቼ ስጨርስ፣ አንጓች ጥሩዬን «እንኳን ደስ ያለሽ» ብላ ሳመቻት፤ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ «የክርስትና ስምሽ ማን ነው?» አለቻት።

ጥሩዬ ክው አለች። «ለምን ፈለግሽው?»

«ለደግ ነው» አለች አንጓች።

በእኛ ዘንድ የክርስትና ስም ለንስሐ አባትና ለሚያቆርብ ቄስ እንጂ እንዲህ በየደጁ የሚነገር አይደለም። የሰው የክርስትና ስም ይዞ የሚሄድ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል፤ ወደ መተት። ጥሩዬ እምቢ ማለት አፍራ ነው መሰል ነገረቻት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አንጓች ሁሉንም አትጠይቅም። መንታ የወለደችውን የጤና ረዳቷን ጠየቀች። አዲስ አበባ ለትምህርት የተመረጠውን አስተማሪ ጠየቀች። ሲዘፍን ሰው የሚያስቆመውን የሻይ ቤቱን ባለቤት ሳይቀር ጠየቀች። ምን ያገናኛቸዋል? ክርስትና ልታነሣ ይሆን ብዬ አሰብሁ፣ ማኅበር ልታቋቁም ይሆን ብዬ አሰብሁ። አንድ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ርቄ ተከተልኋት። ከከንፈሯ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አላየሁም። ደጀ ሰላሙ ጋ ቆማ ብዙ ቆየችና ተሳልማ ተመለሰች። እኔ እንደ ሰላይ ዛፍ ተጠግቼ፣ ምንም ሳላገኝ፣ ጫማዬ ጠል በጠል ሆኖ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ጥሩዬ ታመመች። ትኩሳት ነው፤ ዛሬ ቢሆን ጤና ጣቢያ ሄዳ ኪኒን ውጣ ትመለስ ነበር። ግቢው ግን ስሟን ለአንጓች መንገሯን አስታወሰ። «የመሪጌታ ልጅ አይደለችም እንዴ! ስማችን ይኼኔ ዲማ ደርሷል» አሉ እትዬ ይታይሽ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ክፍሉን እንድትለቅም ወሰኑ። መተተኛ ተብላ ከአንድ ግቢ የወጣች አስተማሪ በዚያ ከተማ ሌላ ቤት አታገኝም። ወላጆች ደግሞ ልጆቻቸውን እሷ ክፍል አያስቀምጡም። እንጀራዋ ነበር የተያዘው። እትዬ ይታይሽ እኔን ቧንቧው ጋ አግኝተው «አንቺንስ ጠይቃሻለች?» አሉኝ።

«ኧረ አልጠየቀችኝም» አልኋቸው። እፎይ ማለት ሲገባኝ ልቤን አንድ ነገር ወጋ አደረገኝ፤ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታቸውን ጠሩ፤ አባ ወልዴ የሚባሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። በረንዳው ላይ ወንበር ተደረገላቸው። ጥሩዬ ጋቢ ተከናንባ ግድግዳውን ተደግፋለች። አንጓች መሀል ቆመች።

«ልጄ፣ የሰው የክርስትና ስም እየለቀምሽ ነው ይሉሻል፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባ።»

ሴቶቹ አጉረመረሙ። «ምን ልታደርጊበት?» አሉ አባ ወልዴ።

አንጓች የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች። «አባ፣ ለብቻዎ ልንገርዎ?»

«እነሱም የታሙበትን ይስሙ እንጂ።»

«እሺ… የምቀናባቸውን ነው።»

«እ?»

«የምቀናባቸውን ነው አባ። ዓይኔ አርፎባቸው አልነሣ ያለኝን። የጥሩዬን መኪና ያየሁ ቀን ምሳዬን አልበላሁም። መንታ የወለደችውን ሳይማ ይተዉት። ልጅ ሆኜ በአክስቴ ልጅ እየቀናሁ ስከሳ አባቴ አዩኝና፣ ሂጂ የክርስትና ስሟን ጠይቂና ጸልይላት አሉኝ። ለሰው ይጨመርለት ብለሽ እየለመንሽ ይቀነስበት ብለሽ መመኘት ባንድ አፍ አይሆንልሽም፣ አንዱ ይለቅሻል አሉኝ። ደግሞም ስትጠመቂ ቄሱ በስምሽ ጠራሽ እንጂ ከእገሊት የምትሻል፣ ከእገሊት የምታንስ ብሎ አልጠራሽም፤ እግዚአብሔር ዘንድ የምትታወቂው በዚያ ነው፣ እሷም እንደዚያው አሉኝ። ስሙን ከባለቤቱ አፍ መስማት አለብሽ ብለውኛል። ጸሎቱስ ቀላል ነው አባ፤ የሚከብደው ሄዶ መጠየቁ ነው።»

አባ ወልዴ መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ። «ይህን ያህል ዘመን ሳናዝዝ ሰው ሰረቅሁ ይለኛል፣ ዋሸሁ ይለኛል። ቀናሁ ብሎ በአደባባይ የተናገረ ግን ዛሬ አየሁ» አሉ።

ጥሩዬ ከጋቢዋ ውስጥ ብቅ አለች። «በእኔ? በእኔ ምን አየሽና?» አለች፤ ድምጿ የታማሚ አልነበረም። ቀጥላ የወሎዋ ጎረቤታችን «እኔስ? ባለፈው ያንን ቡፌ ስገዛ አላየሽኝም?» አለች። እትዬ ይታይሽማ ተቆጡ፤ «ግቢው የእኔ፣ ቤቱ የእኔ! እኔን ምነው አልጠየቅሽኝም?» ክፍል ልቀቂ የሚለው ነገር የት እንደ ገባ አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ በአንጓች መጠየቅ እንደ ሹመት ሆነ። አዲስ ነገር የገዛች ሁሉ በደጇ ታልፋለች፤ እንዲያውም አንዷ ውኃ ስትቀዳ ሳትጠየቅ «ምናልባት ከፈለግሽው፣ እኔ ወለተ ሐና ነኝ» ስትላት ሰምቻለሁ።

ከሁሉም ጋር ሳቅሁ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። ያ የወጋኝ ነገር አሁን ገባኝ፤ አንጓች እኔን አልጠየቀችኝም። ግድግዳ ተጋርተን፣ አንድ ትምህርት ቤት እያስተማርን፣ ተርጋሌን አይታ፣ ታኮዬን አይታ፣ አልጠየቀችኝም። የሻይ ቤቱ ሰውዬ እንኳ የሚያስቀና ነገር ተገኝቶበታል። እኔ ግን ስሜ የማያስፈልግ ሰው ነበርሁ። እስከዚያ ድረስ ሰው ያለውን ከእኔ ጋር ነበር የማስተያይ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ማን እንደ ተጠየቀና ማን እንዳልተጠየቀ ማስተያየት ጀመርሁ።

በኋላ አንጓች ወደ መርጡለ ማርያም ተዛወረች። አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። በመስኮቱ እጄን ይዛ ስትሰናበተኝ፣ አሁን ትጠይቀኛለች፣ አሁን ትጠይቀኛለች እያልሁ አውቶቡሱ ተነሣ። የእሷን ስም እኔ መጠየቅ እንደምችል ግን አልጠፋኝም። አልጠየቅሁም። ከማንም በላይ የምቀናው በእሷ ነበር፤ ብጠይቃት ደግሞ ትርጉሙን ታውቀዋለች።

ዘዴዋን ግን ዓመታት አልፈው፣ አግብቼ ከወለድሁ በኋላ ሰረቅኋት። መጀመሪያ የጠየቅሁት አብራኝ የምታስተምረውን፣ ልጇ ከእኔ ልጅ ጋር አንድ ክፍል የሚማረውን ሴት ነበር። የዚያን ሰሞን ጸሎቴን ብትሰሙት ታፍሩብኝ ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ ለወለተ ኪዳን ጨምርላት፤ ግን በጣም አይብዛ» እል ነበር። እግዚአብሔር ታጋሽ ነው። ከሳምንታት በኋላ «ግን» የሚለውን ተውሁት። ወራት አለፉና ልጇ ፈተናውን አለፈ ሲባል እልል ብዬ ደጇ ደረስሁ። መቅናት እንደነበረብኝ ትዝ ያለኝ እልልታውን ከጨረስሁ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ቆሜ በራሴ ተገረምሁ። ከዚያ በኋላ የብዙ ሰው ስም ጠየቅሁ። እንደ ኩፍኝ አንዴ ወጥቶ የሚለቅ ነገር አይደለም፤ በአንዱ ሲለቀኝ በሌላው ይይዘኛል፣ እንደገና እጠይቃለሁ። የአንጓችን ግን ሳልጠይቅ ፀጉሬ ሸበተ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያ ልብስ ሰፊ የነበረበት ማዕዘን ላይ አንዲት ምርኩዝ የያዘች ሴት ቆማ ባጃጅ ስትጠብቅ አየሁ። ነጠላዋ ያው እንደ ድሮው ሳይስተካከል ያማረ። «አንጓች!» ብዬ ጮህሁ፤ ጩኸቴ ቁርጥ እናቴን። ዓይኗን ልትታከም መጥታ ኖሯል። ሻይ ቤት ገባን፤ ዛሬ ሸክላ የለም፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው፣ ሻዩም በዚያ ዘመን ጉርድ ጨርቅ በሚገዛ ዋጋ። ልጆች ወልዳ፣ ድራ፣ የልጅ ልጆች አይታለች። እኔ አንድ ልጅ አለኝ፣ ባሕር ዳር ነው የሚሠራው፣ እስካሁን አላገባም። እየተረከችልኝ ሳለ ያ የድሮው ማስተያየት ከውስጤ ሲነሣ ተሰማኝ፣ ያውም በዚህ ዕድሜዬ። አፈርሁ፤ ደከመኝም። ብርጭቆዬን አስቀመጥሁና «አንጓች፣ የክርስትና ስምሽ ማን ነው?» አልኋት።

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እስከ ዛሬ ምን አስቆየሽ?» አለችኝ። «አጸደ ማርያም ነኝ።»

«አንቺስ የኔን አትጠይቂኝም?» ከአፌ ወጣ፤ የልጅ ኩርፊያ ነበር።

«ያንቺን ምን ብዬ እጠይቃለሁ፣ ወለተ ጊዮርጊስ?»

በመጀመሪያው ዓመት ፍልሰታ አብረን ስንቆርብ ከኋላዬ ተሰልፋ ኖሯል። ለቄሱ ስሜን ስናገር ከአፌ ሰማች። እኔ ተቀብዬ አፌን በነጠላ ሸፍኜ ወደ ጠበሉ ስለሄድሁ የእሷን አልሰማሁም። «ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ማለዳ አላለፈሽ» አለችኝ።

«በምኔ ቀንተሽ? በተርጋሌ?»

«ተርጋል የታባቱ! በእናትሽ ነዋ።» ምርኩዟን ከጠረጴዛው አስደግፋ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «እናቴ እኔን በወለደች ጊዜ ነው የሞተች፤ ድምጿን አላውቀውም። እናትሽ በሩ ላይ ቆማ፣ አንቺ ልጅ፣ ልጄ፣ የት ገባሽ ብላ ስትጣራ እኔ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀስ ብዬ አቤት እላት ነበር። አንቺ አፍረሽ ቶሎ አትወጭም፤ እሷ ደጋግማ ትጣራለች፤ እኔም ደጋግሜ አቤት እላለሁ።»

እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ሻይ ቤቱ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስሁ። ያን ሁሉ ዘመን ከአንጓች ጋር ስተያይ አንሼ የተገኘሁበት ነገር የእናቴ ድምፅ ነበር፤ እሷ ደግሞ ያንኑ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ትሰማልኝ፣ ትጸልይልኝ ነበር።

እና እሑድ ዕለት ቄሱ ያንን ስም ለዚያች ጉንጫም ሕፃን ሲሰጡ ሳቄ ቢያመልጠኝ አትፍረዱብኝ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብርቄ ቤት ድንኳን ተጥሎ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁና መርጡለ ማርያም ደወልሁ። «አንጓች፣ ዛሬ ሞክሼ አግኝተሻል» ብዬ ስለ ሕፃኗ፣ አያቷም ታቅፋት እንደምትዞር፣ እኔም ጓሮ ወጥቼ እንደምደውል ነገርኋት። ደስ አላት፣ መረቀቻት፣ ጉንጯን ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ።

«አያትየዋንስ ጠየቅሻት?»

«ምኑን?»

«ተይ እንጂ ወለተ ጊዮርጊስ! የልጅ ልጇን ታቅፋ ስትዞር እያየሽ ነው ወደ ጓሮ የወጣሽው።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ውስጥ ተመለስሁ። ብርቄ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኝታ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ የሕፃኗ እጅ ነጠላዋን ጨብጦታል። አጠገቧ ተቀመጥሁና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልሁ።

«ብርቄ፣ የክርስትና ስምሽ ማን ነው?»

ልጅቷን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት። «ለምን ፈለግሽው?» አለችኝ።

«ለደግ ነው» አልኋት።